ከንጉሥ ጎን የቆመችው ዛላ

ከእናንተ መካከል ከግሼ ራቤል ብርዱን ችላችሁ፣ ከመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ዳገቱን ወጥታችሁ ወደዚህ ወደ መሐል ሜዳ የመጣችሁ አላችሁ።

ዛሬ የመጣሁት ስለ ገንዘብ ልናገር ነው። ልለምናችሁ አልመጣሁም፤ የምሰጣችሁም የለኝም። የምሰጣችሁ ቢኖር ይህችን አንዲት ሳንቲም ነው። ከፊት ከተቀመጡት አባት ልጀምርና እየተቀባበላችሁ እዩዋት፤ እስከ ኋላው ወንበር ትድረስ። መንገድ ላይ ብትጠፋ አልቀየምም፤ ለምን እንደማልቀየም ኋላ እነግራችኋለሁ። አሁን ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉልኝ። አንደኛው ክብደቷ ነው። ከአሉሚኒየም የተሠራች ስለሆነች በመዳፍ ላይ መኖሯ እንኳ አይታወቅም። ሁለተኛው ሥዕሏ ነው። በአንደኛው ገጽ የአንበሳ ራስ አለ። በሌላኛው ገጽ ደግሞ ሁለት በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለ። ይህች 1 ሳንቲም ናት፤ ዘመኗም በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፷፱ ተብሎ ተጽፎባታል።

ቀጥሎ የማነሣውን ሳንቲም ግን ይዤ ልመጣ አልቻልኩም። ወርቅ ነው፤ ዕድሜውም ከ1,700 ዓመት አያንስም። ስለዚህ ከመጽሐፍ የተነሣውን ፎቶግራፍ ሰፋ አድርጌ አሳትሜዋለሁ፤ እነሆ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ አክሱም ላይ የነገሠው ንጉሥ እንድብይስ ያስቀረጸው ነው። እስካሁን በሚታወቀው መጠን በአገራችን በስሙ ገንዘብ ያስቀረጸ የመጀመሪያው ንጉሥ እርሱ ነው። በዚያ ዘመን የራሳቸውን የወርቅ ገንዘብ የሚያወጡ መንግሥታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አክሱም አንዷ ነበረች።

ንጉሡን እዩት። ራሱ ላይ ሻሽ መሰል ነገር ጠምጥሟል፤ ፊቱን ወደ ጎን አዙሯል። ከራሱ በላይ ጨረቃና ክብ ምልክት አለ፤ የዚያ ዘመን እምነቱ ምልክት ነው። ከፊቱና ከኋላው ደግሞ፣ ከደረቱ ተነሥተው ወደ ራሱ እየታጠፉ የሚወጡ ሁለት ዘንጎች አሉ። ጦር አይደሉም። በትረ መንግሥትም አይደሉም። ሁለት የእህል ዛላዎች ናቸው።

ዛላዎቹ የምን እህል ናቸው የሚለው ሊቃውንቱን አላስማማም። አንዳንዱ ስንዴ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ገብስ ነው ይላል። እኔ ሊቅ ስላልሆንኩ ፎቶግራፉን ይዤ እዚሁ ጌራ ምድር ወዳሉ ገበሬዎች ሄድኩ። አንድ አባት ብዙ ካዩት በኋላ፣ «ፂሙ ረጅም ነው፤ ገብስ ነው» አሉኝ። አጠገባቸው የነበሩ እናት ደግሞ፣ «ገብስማ ነው፤ ስንዴ መቼ እንዲህ ያጎነብሳል?» አሉ። አባትየው ሳቁና፣ «እሱማ ለንጉሡ ሲል ይሆናል የጎነበሰው» አሉ። ክርክሩን እዚያው ትቼው መጣሁ። ሊቃውንቱ ባይስማሙም፣ እህል ከሚያበቅል ሰው ፊት ሲቀርብ ሥዕሉ ዛሬም ከ1,700 ዓመት በኋላ ይነበባል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከእንድብይስ በኋላ የመጡት ነገሥታትም ዛላውን አልተዉትም። አፊላስ በአንዲት ትንሽ የነሐስ ሳንቲም ጀርባ ላይ ዛላዋን ብቻዋን አስቀረጻት፤ ያለ ንጉሥ፣ ያለ ዙፋን። ወዜባ ጽሑፉን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ መለሰው። ከዚያ ኢዛና መጣ፤ ክርስትናን ተቀበለ። ከራሱ በላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ወረዱ፤ በቦታቸው መስቀል ገባ። በገንዘብ ላይ መስቀል ካስቀረጹ የዓለም ነገሥታት ከቀደሙት አንዱ ሆነ። ያን ሁሉ ሲለውጥ ዛላዎቹን ግን አልነካቸውም። እምነት ሲለወጥ፣ ቋንቋ ሲለወጥ፣ ንጉሥ ሲለወጥ፣ ሁለቱ ዛላዎች ከወርቁ ላይ አልወረዱም።

ገንዘብ ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ቃልም አለው። መሪ ቃል የምንለው ነው። የአክሱም ነገሥታት መጀመሪያ የሚጽፉት ስማቸውንና ማዕረጋቸውን ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን ግን በነሐስ ሳንቲሞቻቸው ላይ አዲስ ነገር ብቅ አለ። ነሐስ የገበያተኛው ገንዘብ መሆኑን አትርሱ፤ ወርቁ የባሕር ማዶ ነጋዴው ገንዘብ ነበር፣ ነሐሱ ግን ጨውና ቅቤ የሚገዛው ሰው ገንዘብ ነበር። በዚያ ነሐስ ላይ፣ መስቀሉን ዙሪያውን ከብቦ፣ በግሪክኛ የተጻፈው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ማለት ነው። ኋላ ምሕድይስ የተባለው ንጉሥ «በዝ መስቀል ትመውእ» ብሎ በግዕዝ አስጻፈ፤ በዚህ መስቀል ታሸንፋለህ ማለት ነው። ከመጨረሻዎቹ አንዱ የሆነው አርማሕ ደግሞ «ፍሥሓ ለይኩን ለአሕዛብ» አለ፤ ለሕዝብ ደስታ ይሁን።

እስቲ አስቡት። ንጉሥ ነው፤ ጦር አለው፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ይዘምታል። ለገበያተኛው በሚሰጠው ሳንቲም ላይ ግን፣ እኔን ፍሩኝ ሳይሆን፣ ደስ ይበላችሁ ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ከልብ ስንቱ ለይምሰል እንደነበር መመስከር አልችልም። ነገር ግን አንድ መንግሥት ለሕዝቡ ምን ማለት እንደሚገባው ያውቅ እንደነበር ሳንቲሙ ይመሰክራል።

የአክሱም ገንዘብ በ7ኛው መቶ ዘመን ቆመ። ከዚያ በኋላ፣ ሐረር ውስጥ ከተቀረጸው የአካባቢ ገንዘብ በቀር፣ ኢትዮጵያ ከ1,200 ዓመት በላይ የራሷ ሳንቲም አልነበራትም። እናንተ አያት ቅድመ አያቶቻችሁ በምን እንደገበዩ ታውቃላችሁ። አሞሌ ነበር። ከአፋር በረሃ የሚቆረጠው ጨው በግመልና በአህያ ተጭኖ ደጋ ሲወጣ፣ በየቀን መንገዱ ዋጋው እየጨመረ ይመጣ ነበር። ከአንኮበር በታች ያለው የአልዩ አምባ ገበያ አሞሌውና ሌላው ሸቀጥ የሚገናኝበት ቦታ ነበር። አሞሌ ደግ ገንዘብ ነው፤ ሲቸግር ወጥ ውስጥ ይገባል። ክፋቱ ክረምት ሲመጣ ነው፤ የሚንጠባጠብ ጣራ ሥር የተቀመጠ ሀብት ወደ ውኃ ይለወጣል። ሥዕልም ጽሑፍም የለበትም። ምልክቱ ጣዕሙ ነበር።

ቀጥሎ ጠገራ ብር መጣ። በኦስትሪያ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸ፣ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም 1780 የሚለውን የእርሷን ዘመን እንደያዘ መቀረጹን የቀጠለ ብር። ነጋዴው ሲቀበል በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጣቱ እየዳሰሰ ያጣራ ነበር፤ ያረጀና የተፋቀ ከሆነ አይቀበልም። በየቤታችን ያለው የአንገት መስቀል፣ አልቦ፣ የጆሮ ጉትቻ፣ ብዙው ከዚያች ሴት ፊት የቀለጠ ነው። አያቴ የአንገት መስቀሏን እያሳየች፣ «ይኸ ሁለት ጠገራ በልቷል» ትል ነበር። እንግዲህ በሸዋ ደጋ ላይ ለመቶ ዓመት ያህል የታመነው የገንዘብ መልክ የኛ ንጉሥ መልክ አልነበረም፤ ስሟን በቅጡ የማንጠራት የባዕድ ንግሥት መልክ ነበር።

ይህ ያሳሰበው ሰው ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ተነሣ። ምኒልክ አንጎለላ ነው የተወለደው፤ ዘሩም ከመንዝ ከወጣው ከነጋሢ ክርስቶስ ይቆጠራል። ሸዋና ፈረንሳይ የቆየ ትውውቅ ነበራቸው፤ አያቱ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1835 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ፈርመው ነበር። ምኒልክም ገንዘቡን ፓሪስ ላከ። የፓሪስ ገንዘብ መቅረጫ ቤት ከ9ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሚቆጠር ዕድሜ ያለው ቤት ነው። በዚያ ቤት የተቀረጸው ብር ፲፰፻፹፯ የሚል ዘመን ይዞ ወጣ፤ ዐድዋ ሊደርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። ብሩ እንደ ጠገራው ወደ 28 ግራም ይመዝን ነበር፤ ሕዝብ የለመደውን ክብደት እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ከብር በታች አላድ፣ ሩብ፣ ግርሽና ቤሳ ነበሩ።

በፊት ገጹ ዘውድ የደፋ የምኒልክ መልክ አለ። በጀርባው ዘውድ የደፋ አንበሳ፣ መስቀል ያለበት ዘንግ ይዞ ይራመዳል። ዛሬ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ቀኝ እግሩን ያነሣውንና ግራ እግሩን ያነሣውን አንበሳ ይለያሉ፤ ሁለቱም ዓይነት አለና። መሪ ቃሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ»። በብሩ ጠርዝ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ የሚናገረው የዳዊት ቃል በግዕዝ ተቀርጿል።

ሕዝቡ ግን ወዲያው አልተቀበለውም፤ ጠገራውን መምረጡን ቀጠለ። መልክ መለወጥ ቀላል ነው፤ እምነት ግን በዐዋጅ አይቀረጽም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሁለቱን መሪ ቃላት እናስተያይ። የአክሱሙ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ሲል ፊቱን ወደ ተቀባዩ አዙሮ ነው። የምኒልኩ «ሞዓ አንበሳ» ሲል ስለ ራሱ፣ ስለ ዘሩና ስለ ድሉ ይናገራል። አልነቅፈውም፤ አውሮፓ አፍሪካን እየተቀራመተ ባለበት ሰዓት አገሬ ባለቤት አላት ማለት ያስፈልግ ነበር። ይሁንና አንበሳው ሲገባ ዛላው ተረሳ። እኛም ረሳነው።

አሁን ወደ ፈረንሳይ ልውሰዳችሁ። ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ «ሳንቲም» የምንለው ቃል ራሱ ከእነርሱ የመጣ ነው፤ ገንዘብ ሲያጥረን «ፍራንክ የለኝም» የምንለውም ከእነርሱ ነው። የፈረንሳይ ነገሥታት ምልክት የአበባ ቅርጽ ነበር፤ በሦስት ቅጠል የሚሣል አበባ። አብዮት ተነሣ፤ ንጉሡም አበባውም ወደቁ። በቦታቸው የወይራ ቅርንጫፍና የባሉጥ ቅጠል ገቡ፤ «ነጻነት፣ እኩልነት፣ ወንድማማችነት» የሚሉት ሦስት ቃላትም ተጨመሩ። ልብ በሉ፤ ይህ መሪ ቃል ስለ ንጉሥ አይናገርም፤ ገንዘቡን በኪሱ ስለያዘው ሰው ይናገራል።

በ1897 እ.ኤ.አ. ኦስካር ሮቲ የተባለው ቀራጺ አንዲት ሴት በብር ሳንቲማቸው ላይ አስገባ። ባዶ እግሯን ማሳ ላይ ትራመዳለች፤ በትከሻዋ የዘር ከረጢት አንግታለች፤ እጇን ዘርግታ ትዘራለች፤ ከበስተጀርባዋ ፀሐይ ትወጣለች። «ዘሪዋ» ይሏታል። ሥዕሉ ሲወጣ ተቺዎች ተሳለቁ፤ ፀጉሯና ቀሚሷ የሚውለበለቡበትን አይተው፣ በነፋስ ላይ ነው የምትዘራው አሉ። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ በነፋስ ላይ የሚዘራ ዘሩ ተመልሶ ፊቱን ይመታዋል። ተቺው ልክ ነበረ። ሕዝቡ ግን ወደዳት። እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ በፈረንሳይ የ10፣ የ20 እና የ50 ዩሮ ሳንቲም ላይ ትዘራ ነበር። በ1 እና በ2 ዩሮ ላይ ደግሞ ዛፍ አለ፤ ሦስቱ ቃላት ከብበውታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ሥዕሉን ሲያድሱት ባሉጥና ወይራን አንድ ላይ አደረጉ፤ ባሉጡ ለጥንካሬ፣ ወይራው ለሰላም።

የመታሰቢያ ሳንቲሞቻቸውንም አንዱን ልንገራችሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. አንደኛው የዓለም ጦርነት የቆመበት 100ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ በ2 ዩሮ ላይ የቀረጹት ጄኔራል አልነበረም። አንዲት ሰማያዊ የማሳ አበባ ነበረች፤ እንደ እኛ አደይ አበባ በእህል መካከልና በማሳ ዳር የምትበቅል። በጦርነቱ ዘመን ሁለት ሴቶች የቆሰሉ ወታደሮች ያችን አበባ ከወረቀት እየሠሩ እንዲሸጡና ራሳቸውን እንዲረዱ አደረጉ። አበባዋ በጦርነቱ የሞቱት መታሰቢያ ሆና ቀረች። ይህ ደስ የሚል ነው።

ነገር ግን ደስ የማይለውንም ካልነገርኳችሁ አታለልኳችሁ ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ፈረንሳይን አሸነፈች፤ በማርሻል ፔታን የሚመራ ለጀርመን ያደረ መንግሥት ተቋቋመ። በ1942 እ.ኤ.አ. አዲስ 1 ፍራንክ ወጣ። ብረት ስላጠረ ከአሉሚኒየም ተሠራ። ሦስቱ ቃላት ተፍቀው «ሥራ፣ ቤተሰብ፣ አገር» በሚሉ ተተኩ። በመካከል ሁለት ስለት ያለው መጥረቢያ ቆመ። ከመጥረቢያው ቀኝና ግራ ምን የነበረ ይመስላችኋል? ሁለት የስንዴ ዛላ። ልክ እንደ እንድብይስ፤ ንጉሡ በነበረበት ቦታ መጥረቢያው ገባ። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ሕዝብ ዳቦ የሚገዛው በኩፖን ነበር፤ የማሳው ምርት ወደ ጀርመን ይጫን ነበር። ዳቦው ሲያንስ ዛላው በገንዘብ ላይ በዛ።

አሁን በእጃችሁ ወዳለችው ሳንቲም እንመለስ። የት ደርሳለች? ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት? ደግ።

ይህች ሳንቲም ከመውጣቷ ሁለት ዓመት በፊት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት ዐዋጅ ታወጀ። ገባር የነበረው ገበሬ የሚያርሰው መሬት የራሱ ነው ተባለ። ስለዚህ በአዲሱ ገንዘብ ላይ ገበሬው ከነበሬዎቹ መታየቱ የሚጠበቅ ነበር። አንበሳውም አልቀረም፤ ዘውዱንና መስቀሉን ተነጥቆ ራሱ ብቻ ቀረ። ሳንቲሞቹን በተራ ብንዘረጋቸው ግን፣ 5 ሳንቲሙ ላይ ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው አለ። 10 ሳንቲሙ ላይ ደጋ አጋዘን አለ። 25ቱ ላይ ክንዳቸውን ያነሡ ወንድና ሴት አሉ። 50ው ላይ ሕዝቡ ተሰብስቧል። ገበሬው በ1 ሳንቲም ላይ ነው። ከሁሉ በታች። ጠመንጃው አምስት ሲያወጣ ማረሻው አንድ ያወጣል። የቀረጸው ሰው ይህን አስቦ ያደረገው አይመስለኝም፤ ሳይታሰብ የሚወጣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እውነቱን ይናገራል።

በቀጣዩ ዓመት በ1970 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ጥበቃ የመታሰቢያ ሳንቲሞች ወጡ። በ10 ብር ላይ ጢማሙ ጥንብ አንሣ፣ በ25 ብር ላይ ደጋ አጋዘን፣ በ600 ብር የወርቅ ሳንቲም ላይ ዋልያ። ሁሉም የሚገባቸው ናቸው። ጥንብ አንሣው እዚሁ ጓሳ ገደል ላይ ሲያንዣብብ ታዩታላችሁ። በወርቁ ላይ ዛላ ግን የለም።

ከዚያ 1977 መጣ። እዚህ ካላችሁት በዕድሜ የገፋችሁት እኔ ሳልነግራችሁ ታስታውሱታላችሁ። በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም አጠረ። ወሎንና ትግራይን የፈጀው ረኀብ ሰሜን ሸዋንም አልማረም። ሰው ከነቤተሰቡ ወደማያውቀው ቆላ ለሠፈራ ተጫነ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ገበሬው በሳንቲሙ ላይ በሬዎቹን ጠምዶ ያርስ ነበር። በማሳው ላይ ግን የሚያርስበት በሬ አልነበረውም። ስለ ፈረንሳዩ የስንዴ ዛላ የነገርኳችሁ ለዚህ ነው። በገንዘብ ላይ የተቀረጸ ተክልና ገበሬ በራሱ ማስረጃ አይሆንም። መንግሥት የሚያከብረውንም ይቀርጻል፤ የጎደለበትንም ይቀርጻል። የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ጎተራ ሲታይ ነው።

«ታዲያ የዛላው ነገር ምን አስጨነቀህ?» ብትሉኝ፣ መልሴ ይህ ነው። ምልክት ባዶውን ሲቆም ያታልላል፤ ምልክት ሲጠፋ ግን ይረሳል። እኛ ረስተናል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በውጭ አገር የሚወጡ የብሔራዊ አበቦች ዝርዝሮች ላይ የኢትዮጵያ አበባ ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ «ካላ ሊሊ» የምትባለው ነጭ አበባ ናት። የሷ የትውልድ አገር ደቡብ አፍሪካ ነው። በሳይንስ ስሟ ውስጥ «ኤቲዮፒካ» የሚል ቃል ስላለ ብቻ የኛ ተደረገች፤ ቃሉ በጥንት አጠራር አፍሪካን ያመለክት እንደነበር ያጣራ አልነበረም። እኛም ተከራክረን አደይ አበባ አላልንም። ራሱን ያልሰየመ ሰው ሌላው ሲሰይመው ዝም ይላል።

የገብሳችንም ነገር እንዲሁ ነው። እናንተ ገብስን «የእህል ንጉሥ» ትሉታላችሁ። ቆሎው፣ በሶው፣ ገንፎው፣ ቂንጬው፣ እንጀራው፣ ጠላው ከእርሱ ነው። በዚህ ከፍታ፣ ውርጩ ሌላውን እህል በሚያቃጥልበት ቦታ፣ የሚቆመው እርሱ ነው። መርሐቤቴዎች፣ አትከፉ፤ የእናንተ ማሽላና ጤፍ ተራው ይደርሰዋል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ ሲያይ የገብሱ ዓይነት ብዛት አስደንቆት፣ አገራችንን ከዓለም የሰብል መገኛዎችና ማበልጸጊያዎች አንዷ ብሎ መዘገባት። ኋላም በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የገብስ ማሳ በቫይረስ በሽታ ሲጠቃ፣ በሽታውን የሚቋቋመው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ ነው። ስሙ ያልተጻፈ አንድ የኛ ገበሬ መርጦ ያቆየው ዘር የባሕር ማዶ ማሳ አዳነ። ያ ገብስ ግን ዛሬ በየትኛውም ሳንቲማችን ላይ የለም።

እዚህ ላይ የጓሳን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ የመንዝ ልጅ አይደለህም ትሉኛላችሁ። ጓሳ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይሆናል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ያቆየው መሪ ቃል አልነበረም። የመንዝ አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች ያጸኑት፣ ቄሮ የሚባለው የጥበቃ ሥርዓት ነበር። ሣሩ መቼ ይታጨዳል፣ መቼ ይዘጋል፣ ሕግ የጣሰ ምን ይቀጣል፣ ሁሉም ይታወቅ ነበር። ሳንቲም ላይ ያልተቀረጸው ሣር እስከ ዛሬ አለ። ወረቀት ላይ ብቻ የተጠበቀው ስንቱ ደን ግን ጠፍቷል። ስለዚህ ከእኔ ሥዕል የእናንተ ሕግ ይበልጣል፤ ይህን አምኜ ነው የምናገረው።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ቢገናኙስ? የአክሱሙ ቀራጺ ሁለቱን ዛላዎች ከንጉሡ ጎን ያቆመው፣ ያለ እነርሱ ንጉሡ መቆም እንደማይችል ስለሚያውቅ ይመስለኛል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የ1 ብር ሳንቲማችን ሚዛን አለበት። ሚዛን ደግ ምልክት ነው፤ ፍትሕ ነው፤ ገበያ ነው። በሚዛኑ ላይ ግን ምን እንደተጫነ አይታይም። አንድ ቀን የመታሰቢያ ሳንቲም ሲወጣ፣ ከአንበሳው ጎን የገብስ ዛላ ይቁም። ጠርዙ ላይም በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎቻችንም «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ይባል። ቃሉ የኛው ነው፤ ከማንም አንበደረውም። ሲሆን ደግሞ ከ1 ሳንቲም ላይ ሳይሆን፣ ዋጋ ካለው ገንዘብ ላይ ይሁን።

አባቶቻችን «ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» ይላሉ። ጨው ገንዘብ በነበረበት አገር የተነገረ ቃል ነው። ሳንቲምም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ላይ ሳንቲሟ ብትጠፋ አልቀየምም ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ዛሬ 1 ሳንቲም ወድቃ የሚያነሣት ሰው የለም። ገበሬው ያለው እዚያ ላይ ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱም በእጃችሁ ያሉ ናቸው። አንደኛው፣ የቆየ ጠገራ፣ የምኒልክ ብር ወይም ቤሳ በሣጥን ያስቀመጣችሁ፣ ለአንጥረኛ ከመስጠታችሁ በፊት ለትምህርት ቤት መምህር አሳዩት። ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደመጣ ይጻፍ። ሁለተኛው፣ ተማሪዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አያቶቻችሁን የሚያውቁትን የገብስ ዘር በስሙ እያስጠራችሁ ጻፉ። ነጭ ገብስ፣ ጥቁር ገብስ፣ ሰነፍ ቆሎ እያላችሁ ጀምሩ፤ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን እነርሱ ይጨምሩላችኋል። የቱ ለጠላ እንደሚሆን፣ የቱ ለቆሎ፣ የቱ ለበልግ፣ የቱ ውርጭ እንደሚችል አብራችሁ ጻፉ። የረዘመውን ዝርዝር ይዞ ለሚመጣው ይህን የእንድብይስ ፎቶግራፍ እሰጠዋለሁ።

ሳንቲሟ ኋላ ወንበር ከደረሰች እዚያው ትቅር።